ኪቦርዲስት ብቻውን የሰራው ሲምፎኒክ ፕሮግ፣ በድሮ መሳሪያ፦ እንዴት ነው ሚሰማው?

ሰማያዊ_ካሴት፦
ሰላም ጋይስ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እኔ የመጣሁት ከሜታል ነው፣ ፕሮግ (ፕሮግረሲቭ ሮክ) ሚባለውን ነገር የጀመርኩት የኖርዌዮቹን ዎብለርን ሰምቼ ነው፣ የ2017ቱ አልበማቸው መክፈቻ ላይ ያለው 21 ደቂቃ ገደማ ሚሄደው ዘፈን በቃ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ከዛ ዩቲዩብ እየጎተተ የባንዱን ኪቦርዲስት የላርስ ፍሬድሪክ ፍሮይስሊን የብቻ አልበም አመጣልኝ፣ በ2023 የወጣውን ፊሬ ፎርቴሊንገር። አራት ዘፈን ብቻ ነው ያለው ግን አራቱን ባንዴ ሰምቶ ለመጨረስ ጉልበት ይፈልጋል ሃሃ

ወድጄዋለሁ፣ እሱ ላይ ችግር የለም። ችግሩ ምን እንደወደድኩ አላውቀውም። ሳውንዱ ልክ በ1972 የተቀዳ ነው ሚመስለው፣ ቫዮሊን መሳይ ነገር ይመጣል ግን ቫዮሊን አይደለም፣ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴ ቅኝቱ የወረደ ሁሉ ይመስላል፣ መጀመሪያ የጆሮ ማዳመጫዬ ተበላሽቶ መስሎኝ ነበር። ደግሞ ኦርጋኑ መሀል ላይ እንደሚሽከረከር ነገር ያደርገዋል። ስለ አልበሙ የተጻፈ ነገር ሳይ ግማሹ የመሳሪያ ስም ዝርዝር ነው፣ ሜሎትሮን፣ ሃሞንድ፣ ሚኒሙግ ምናምን፣ ሰው ስለ ዜማው ሳይሆን ስለ እቃው ነው ሚያወራው። ለምንድነው እንደዚህ ሚካበደው? ዛሬ አንድ ላፕቶፕ ሁሉንም አያወጣም እንዴ?

ሌላው ደግሞ ጓደኛዬ ሰምቶ "ይሄኮ የድሮዎቹን መኮረጅ ነው" አለኝ፣ መልስ አጣሁለት። እናንተ ምን ትላላችሁ? ከዚህ ቀጥሎስ የማንን ኪቦርዲስት ሶሎ አልበም ልስማ?

ቁልፍ_ሰባሪ፦
ወንድሜ ማዳመጫህ ደህና ነው፣ አትጣለው። ያ ሚንቀጠቀጠው ነገር ሜሎትሮን ነው፣ አሰራሩን አንዴ ካወቅከው ደግሞ አልበሙን በሌላ ጆሮ ነው ምትሰማው፣ ስለዚህ ትንሽ ልለፍልፍ ታገሰኝ።

ሜሎትሮን ሲንተሳይዘር (በኤሌክትሪክ ድምፅ ሚፈጥር ኪቦርድ) አይደለም። ሲከፈት ውስጡ ያለው የካሴት ክር ነው፣ ግን የተጠቀለለ አይደለም፣ ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ አንድ ቁራጭ ክር ተዘርግቷል። በ1970 የወጣው ኤም 400 ሚባለው 35 ቁልፍ አለው፣ ስለዚህ 35 ክር አለው ማለት ነው። ክሩ ላይ እውነተኛ ሰዎች ቫዮሊን ወይ ዋሽንት ወይ ኳየር እያንዳንዷን ኖታ ለየብቻ ተጫውተው የቀዱት አለ። ቁልፉን ስትጫን ክሩ ድምፁን ሚያነበው ሄድ ላይ ይጣበቅና ከስር ሚሽከረከረው ዘንግ ይስበዋል፣ ድምፁ ይወጣል። ስትለቀው ስፕሪንግ ጎትቶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ክሩ ደግሞ አጭር ነው፣ 8 ሰከንድ አካባቢ ነው ሚይዘው፣ ከዛ በኋላ ጣትህን ብትደፋበት ምንም የለም፣ ዝም ነው።

አሁን ነገሩን አስበው። ዘንጉን ሚያዞረው አንድ ሞተር ነው፣ በሁለት እጅህ ትልቅ ኮርድ (ብዙ ኖታ ባንዴ) ስትይዝ ሞተሩ ስለሚከብደው ቅኝቱ ወረድ ይላል። ያንተ "የወረደ ይመስላል" ያልከው እሱ ነው። እያንዳንዷ ኖታ ለብቻዋ ስለተቀዳች ደግሞ አንዷ ከአንዷ ጋር መቶ በመቶ አትስማማም፣ አንዷ ትንሽ ቀደም ብላ ትገባለች፣ አንዷ ላይ የቫዮሊኑ ቀስት ሲያርፍ ይሰማል። ጣትህን ለስለስ አርገህ ከተጫንክ ክሩ በደንብ አይጣበቅም፣ ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ይመስላል። ሁሉም ጉድለት ነው። ግን ጉድለቶቹ ተደምረው ነው ያ ሚያሳዝን ነገር ሚመጣው፣ እውነተኛ ኦርኬስትራ ሊሰጥህ ማይችለው።

ዋናው ግን ይሄ አይደለም። ዋናው 8 ሰከንዱ ነው። ክሩ ሳያልቅ ኮርድ መቀየር አለብህ፣ ወይ ደግሞ ጣቶችህን ተራ በተራ እያነሳህ እንደገና መጫን አለብህ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እንዲቀጥል። ስለዚህ በሜሎትሮን ሚጻፍ ዜማ ከመጀመሪያው በዛ መተንፈሻ ልክ ነው ሚጻፈው። የእንግሊዞቹ ባንድ ኪንግ ክሪምሰን በ1969 የሰሩት የመጀመሪያ አልበም ላይ ያሉትን ረጃጅም የኮርድ ሽግግሮች ስማ፣ ያ አካሄድ ከመሳሪያው ነው የመጣው። ላፕቶፕ ሁሉንም አያወጣም ወይ ላልከው፣ ሳውንዱን ያወጣል፣ የምር ጥሩ ጥሩ ፕለጊን (ድምፁን ሚያስመስል ሶፍትዌር) አለ። ግን ፕለጊኑ ላይ ክሩ እንዳያልቅ ማድረግ ትችላለህ፣ ሰው ደግሞ ሚቻለውን ያደርጋል፣ በዛው አጻጻፉም ይቀየራል።

ሃሞንድም ያው ነው። ሎረንስ ሃሞንድ በ1935 ሲያወጣው ለቤተክርስቲያን የቧንቧ ኦርጋን ምትክ ብሎ ነው። ውስጡ ሚሽከረከሩ የጥርስ ጎማዎች አሉ፣ ቢ 3 ሚባለው ሞዴል ላይ 91 ናቸው፣ ድምፁን ሚፈጥሩት እነሱ ናቸው። ከላይ ዘጠኝ ዘጠኝ ሚጎተቱ ዘንጎች አሉ፣ በነሱ ነው ቀለሙን ምትቀላቅለው። አሁን ልብ በል፣ ሃሞንድ ቁልፉን አጥብቀህ ብትመታው ቀስ ብለህ ብትነካው ድምፁ አንድ ነው። ከፍ ዝቅ ሚያደርገው ቀኝ እግርህ ነው፣ ፔዳሉ ላይ። ፒያኖ ለለመደ ሰው ያስለቅሳል። ያ ሚሽከረከር ነገር ያልከው ደግሞ ሌስሊ ሚባለው ስፒከር ነው፣ እንጨት ካቢኔት ነው፣ ላይኛው ጥሩንባ እና ታችኛው ከበሮ በሞተር ይዞራሉ። ዝግ እና ፈጣን ሚባሉ ሁለት ፍጥነቶች አሉት፣ ከዝግ ወደ ፈጣን ስትቀይረው ጥሩንባው ቶሎ ይደርሳል ከበሮው ግን ከባድ ስለሆነ ቀስ እያለ ነው ሚከተለው፣ ለተወሰነ ሰከንድ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እየዞሩ ነው ማለት ነው። ጥሩ ተጫዋች ዜማው ከፍ ሊል ሲል ቀድሞ ነው ሚቀይረው፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ስፒከሩም እንዲደርስለት። በሚቀጥለው ስትሰማ ያቺን ቦታ ጠብቃት።

ሚኒሙግ ባጭሩ ሲንተሳይዘር ነው፣ ባንዴ አንድ ኖታ ብቻ ነው ሚያወጣው፣ ኮርድ ሚባል ነገር የለም፣ ስለዚህ እንደ ዘፋኝ ነው ምትጠቀመው። ረጅም ሶሎ ሲመጣ የተጫዋቹ ግራ እጅ ከቁልፎቹ ጎን ያለችውን ጎማ እያዞረ ኖታውን ያጎብጠዋል።

ጥርጣሬ፦
የቁልፍ ሰባሪን ፅሁፍ ወድጄዋለሁ ግን ጓደኛህ ያለውን ማንም አልመለሰለትም። እኔ ከጓደኛህ ጋር ነኝ።

እስኪ አስቡት፣ እንግሊዛዊው ኪቦርዲስት ኪት ኤመርሰን በ1970 ሙግ ሚባለውን ሲንተሳይዘር መድረክ ላይ ይዞ ሲወጣ ያ እቃ የዘመኑ የመጨረሻ ቴክኖሎጂ ነበር፣ ሰው አይቶት እንኳ አያውቅም። የስ (Yes) ሚባለው ባንድ ኪቦርዲስት ሪክ ዌክማንም የጄኔሲሱ ቶኒ ባንክስም እንደዛው፣ አዲስ እቃ ሲወጣ ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ነበሩ። ፕሮግረሲቭ ሚለው ስም ራሱ ወደፊት መሄድን ነው ሚለው። ዛሬ አንድ ሰው ሃምሳ አመት የሞላቸውን እቃዎች ሰብስቦ በዛው ዘመን አቀዳድ ቀድቶ ሽፋኑንም በዛው ዘመን ስታይል አሰርቶ ሲያወጣ እነሱ ያደረጉትን ተቃራኒውን ነው እያደረገ ያለው። የነሱን ድምፅ ወስዶ መንፈሳቸውን ጥሏል። ልጅ ኤመርሰን ዛሬ ቢኖር ሜሎትሮን ዞር ብሎ ሚያይ ይመስላችኋል?

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የኪቦርዲስት ሶሎ አልበም ሚባል ነገር በተፈጥሮው አደገኛ ነው። ባንድ ውስጥ ሲሆን ዘፋኙ "ይበቃል አሁን እኔ ልግባ" ይላል፣ ጊታሪስቱ ይጣላዋል። ብቻውን ሲሆን ማን ያቁመው? ዌክማን በ1975 የንጉስ አርተርን ታሪክ ዌምብሌይ ላይ በበረዶ ስኬቲንግ አሳይቷል፣ በበረዶ! በኦርኬስትራ በኳየር። ተቆጪ ሲጠፋ መጨረሻው እሱ ነው።

ኦርጋን_ወዳጅ፦
ጥርጣሬ የበረዶውን ታሪክ ሳታነሳ አንድ ቀን እንኳ ብታድር ምን ነበረበት ሃሃ። ግን ያንን ስታነሳ ከዛ በፊት የሰራውንም አንሳ እንጂ።

ሰማያዊ ካሴት፣ ምን ልስማ ላልከው ከዛው ከዌክማን ጀምር፣ በ1973 የወጣው የንጉስ ሄንሪ 8ኛ ስድስቱ ሚስቶች ላይ የሰራው አልበም። ግጥም የለውም፣ ከሞላ ጎደል በመሳሪያ ነው፣ ለስድስቱም አንድ አንድ ትራክ። ያኔ የስ (Yes) ባንድ ውስጥ ነበር፣ ስለዚህ የባንዱ ልጆች መጥተው ተጫውተውለታል፣ የመጀመሪያው ትራክ ላይ ክሪስ ስኳየርም ስቲቭ ሃውም ቢል ብሩፎርድም አሉ። እኔ ግን ሁሌ ምመለስበት ከሚስቶቹ ስለ ጄን ሲሞር የሰራው ነው። እዛ ላይ ያለው የምር የቤተክርስቲያን ኦርጋን ነው፣ ለንደን ክሪፕልጌት ቅዱስ ጃይልስ ሄዶ ነው የተቀዳው፣ የአዳራሹ ማስተጋባት አብሮ ገብቷል፣ ከዛ በላዩ ላይ ሚኒሙጉ ሲመጣ አንዱ ከድንጋይ ህንጻ አንዱ ከሽቦ የመጣ መሆኑ ይሰማሃል፣ ግን አይጣሉም። ሲምፎኒክ ማለት ለኔ ይሄ ነው። የኦርኬስትራ ድምፅ መጨመር አይደለም፣ አንድን ሀሳብ ይዞ በተለያየ ቀለም መመለስ ነው፣ መጀመሪያ በኦርጋን የሰማኸው ዜማ ከአስር ደቂቃ በኋላ በሌላ መሳሪያ፣ በሌላ ፍጥነት፣ አንዳንዴ ተገልብጦ ሲመጣ። የቁልፍ ሰባሪ ሜሎትሮን ትምህርት አሪፍ ነው ግን ዜማ ተከታታይ ካልሆንክ እቃው ብቻውን የትም አያደርስህም።

በ1974 ደግሞ ወደ ምድር እምብርት ጉዞ ላይ የሰራው አለ፣ ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ሮያል ፌስቲቫል ሆል ላይ ላይቭ የተቀዳ፣ ተራኪ ሁሉ አለው። እንግሊዝ ውስጥ የአልበም ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጥቷል፣ ዛሬ ሚታመን አይደለም። እኔ በግሌ የተራኪው ድምፅ በመጣ ቁጥር ዘልዬ ማልፈው ነገር አለ፣ ግን አንዴ መሰማት አለበት።

የዚህ ተቃራኒ ምትፈልግ ከሆነ የጄኔሲሱን ቶኒ ባንክስ ስማ፣ በ1979 የወጣው ኤ ኪዩሪየስ ፊሊንግ። ባንክስ ጣቱን ላሳያችሁ ሚል ሰው አይደለም፣ ኮርድ ነው ስራው፣ አንድ ኮርድ ላይ ቆሞ ቤዙን ከስር ሲያንቀሳቅስ ያው ኮርድ ሌላ ነገር ሆኖ ይሰማሃል። ጊታሩንም ቤዙንም ራሱ ነው የተጫወተው፣ ድራሙን ቼስተር ቶምፕሰን፣ ዘፋኙ ኪም ቢከን። ጥርጣሬ "ማን ያቁመው" ላልከው መልሱ እዚህ አለ፣ ማንም ሳያስቆመው ራሱን ያቆመ ሰው ነው። ፓትሪክ ሞራዝም በ1976 አንድ ሰርቷል፣ ስዊዘርላንዳዊው፣ የብራዚል ፐርከሽን ሁሉ ያለበት፣ እሱ ግን ለጀማሪ አይሆንም፣ ቆይተህ ስማው።

ከዛ 80ዎቹ መጡ። በ1983 ያማሃ ዲኤክስ 7 ሚባለው ሲንተሳይዘር ወጣ፣ ቀላል፣ ዲጂታል፣ በአንድ እጅ ምትሸከመው። ሃሞንድ ቢ 3 ከነፔዳሉ ከነወንበሩ ወደ 190 ኪሎ ነው፣ ማን ይሸከማል? የሜሎትሮን ፋብሪካም በ1986 ተዘጋ። ለተወሰነ ጊዜ ይሄ ሳውንድ የሞተ ነገር ነበር፣ ሬትሮ ሚባለው፣ የድሮውን ሳውንድ መልሶ ሚሰራው፣ የመጣው ከዛ በኋላ ነው። የስካንዲኔቪያ ልጆች ናቸው ያስነሱት፣ የስዊድኖቹ ኤንግላጎርድ በ1992፣ አኔክዶተን በ1993። ከኪቦርዲስቶቹ ደግሞ ፓር ሊንድ በ1994 ጎቲክ ኢምፕረሽንስን አወጣ፣ የቧንቧ ኦርጋን፣ ሃርፕሲኮርድ፣ ሃሞንድ፣ የሙሶርግስኪን ስራ እንኳ አለበት፣ ኤመርሰንን ምን ያህል እንደሚወድ አይደብቅም። የፍላወር ኪንግሱ ቶማስ ቦዲንም በ1996 የራሱን ጀመረ፣ እሱ ቀለል ይላል፣ ይቀልዳል። ፍሮይስሊ ከዚህ መስመር ነው የመጣው፣ ከሰማይ አልወረደም። ዎብለር ራሱ ከ1999 ጀምሮ ያለ ባንድ ነው።

ሰማያዊ_ካሴት፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንደዚህ ትጽፋላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም። የስድስቱን ሚስቶች ሰማሁት። ጄን ሲሞር እውነትም ሌላ ነገር ነው፣ ሌሎቹ ላይ ግን አንዳንድ ቦታ የሰርከስ ሙዚቃ ሚመስለኝ ነገር አለ፣ እኔ ብቻ ነኝ?

አንድ ነገር ግን ገረመኝ፣ ከዛ ተመልሼ ፊሬ ፎርቴሊንገርን ስሰማ የያዘኝ ኪቦርዱ አይደለም፣ ቤዙ ነው። በጣም ፊት ለፊት ነው፣ ይጮሃል ማለት ይቻላል። የኪቦርዲስት አልበም ላይ ለምን ቤዙ እንደዛ ሆነ?

አራት_ክር፦
በመጨረሻ ስለ ቤዝ የጠየቀ ሰው መጣ፣ ተመስገን።

ቤዙን የተጫወተው ኒኮላይ ሄንግስሌ ነው፣ ኤሌፋንት 9 ሚባለው የኖርዌይ ትሪዮ ውስጥ ያለው። ያ ባንድ ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ድራም ብቻ ነው፣ ጊታር የለም፣ ስለዚህ ሰውዬው ከኦርጋን ጋር ተጋፍቶ ቦታ መያዝን በልምድ ያውቀዋል። የቀረውን፣ ኪቦርዱንም ድራሙንም ድምፁንም፣ ፍሮይስሊ ራሱ ነው የሰራው።

ለምን ፊት ለፊት ሆነ ላልከው፣ ሃሞንድ ላይ ግራ እጅህ ታች ኮርድ ሲይዝ የታችኛውንና የመሀሉን ድምፅ በሙሉ ይሸፍነዋል፣ ሜሎትሮን ሲጨመርበት ደግሞ ጭጋግ ነው። ለስላሳ ክብ ቤዝ እዛ ውስጥ ብታስገባ ይሰምጣል፣ አለ ወይስ የለም አታውቀውም። መፍትሄውን ያገኘው የየስ (Yes) ቤዚስት ክሪስ ስኳየር ነው፣ ሪከንባከር ቤዝ፣ በጣት ሳይሆን በፒክ (ክር መምቻ)፣ ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ከፍ አርጎ፣ ኖታው ሲመታ ብረቱ እንዲሰማ። ያኔ ቤዙ ከታች አጃቢ መሆኑ ይቀርና ሁለተኛ ዜማ ይሆናል። የስ (Yes) ባንድን የሰማ ሰው ይሄንን ያውቀዋል፣ ብዙ ሬትሮ ባንዶች ግን ሜሎትሮን ይገዙና ቤዙን ይረሱታል፣ ከዛ ለምን ጭቃ ሆነ ይላሉ።

የኪቦርዲስት ሶሎ አልበም ሚወድቀው ወይ ሚቆመው እዚህ ነው ባይ ነኝ። ጣት ያለው ኪቦርዲስት ሞልቷል። ከስሩ ሚከራከረው ቤዝ ከሌለ ግን አርባ ደቂቃ ኤክሰርሳይዝ ትሰማለህ። ድራሙን ኪቦርዲስቱ ራሱ መምታቱም ይሰማል፣ ልምድ ያለው የስቱዲዮ ድራመር ቢትን ጠብቆ ነው ሚሄደው፣ እሱ ግን ዜማውን ተከትሎ ነው ሚመታው፣ ሀረጉ ሲያልቅ ድራሙም አብሮ ይወድቃል፣ ትንሽ ያልተስተካከለ ቦታ አለ ግን ደስ ሚል ያልተስተካከለ ነው።

ሰርከስ ላልከው ብቻህን አይደለህም።

ጥርጣሬ፦
እሺ ቤዙ ላይ እስማማለሁ። ግን አራት ክር፣ አሁን ያልከው ራሱ የኔን ነገር ነው ሚያጠናክረው። "መፍትሄውን ያገኘው ስኳየር ነው" አልክ። በቃ፣ ሁሉም መፍትሄ ቀድሞ ተገኝቷል፣ እነዚህ መልሱን ከኋላ ገጽ ላይ አይተው ነው ሚሰሩት።

ቁልፍ_ሰባሪ፦
ጥርጣሬ፣ እንደዛ ካልን ዛሬ ሶናታ ሚጽፍ ሰው፣ ፒያኖ ሚጫወት ሰው ሁሉ ኮራጅ ነው። ፒያኖ ከሜሎትሮን በሁለት መቶ ምናምን አመት ይበልጣል፣ ማንም ፒያኖ ሬትሮ ነው ሲል አልሰማሁም። ሜሎትሮን እንደ ፒያኖ ተራ መሳሪያ ለመሆን ጊዜ አላገኘም፣ ከተፈለሰፈ በሃያ ምናምን አመቱ ፋብሪካው ተዘጋ። ከተዘጋ በኋላ የመጣ ሰው "እኔ ገና አልጨረስኩበትም" ቢል ምን ጥፋት አለው?

ልዩነት አለ ባይ ነኝ ግን። መኮረጅ ምንለው ነገር አለ፣ አልክድህም። ዜማው ሲመጣ "ይሄ የየስ ነው፣ አሁን ደግሞ የጄኔሲስ መጣ" ብለህ ስም እየጠራህ ምትሰማው አልበም ሞልቷል፣ እኔም እንደዛ አይነቱን አልሰማም። ፊሬ ፎርቴሊንገር ላይ ግን ሰውዬው በኖርዌይኛ ነው ሚዘፍነው። እንግሊዞቹን ሊኮርጅ የተነሳ ሰው መጀመሪያ ሚኮርጀው ቋንቋቸውን ነበር። ቃላቱ አጥንት አላቸው፣ አጫጭር ናቸው፣ ያ ዜማውን ሰባብሮታል፣ የእንግሊዞቹ አይነት ረጅም ሚንሳፈፍ መስመር አይደለም። ጣሊያኖቹም በ70ዎቹ ያደረጉት ይሄንኑ ነው፣ ባንኮ፣ ሌ ኦርሜ፣ ሙዜዮ ሮዘንባክ፣ መሳሪያው ያው የእንግሊዞቹ መሳሪያ ነው ግን አፋቸውን በጣሊያንኛ ሲከፍቱ ሙዚቃው ጣሊያን ሆነ። ለዛም መሰለኝ ፍሮይስሊ በኋላ ያንኑ አልበም በጣሊያንኛ እንደገና ያወጣው፣ ኳትሮ ራኮንቲ ብሎ፣ የዘፈነውም የሙዜዮ ሮዘንባኩ ሉፖ ጋሊፊ ነው፣ በ1973 ዛራቱስትራ ሚባለው አልበማቸው ላይ የዘፈነው ሰውዬ ራሱ! ሁለቱን ጎን ለጎን አርገህ ስማቸው፣ ያው ሙዚቃ ሆኖ ሳለ አንዱ ቀዝቃዛ ጫካ ነው ሌላው ቲያትር ነው።

ኦርጋን_ወዳጅ፦
የጣሊያንኛውን አለማንሳቴ ይቆጨኛል፣ እኔ እንደውም ያንን ነው ምመርጠው። ጋሊፊ ድምፁ አርጅቷል፣ ሻካራ ሆኗል፣ ግን ያ ሙዚቃ ሚፈልገው እንደዛ አይነት ድምፅ ነው። ፍሮይስሊ ራሱ ሲዘፍን ልክ ነው ግን ድምፁ ቀጭን ነው፣ ኪቦርዱ መሀል ሲደበቅ ሚሰማኝ ነገር አለ።

አራት_ክር፦
አልስማማም፣ መደበቁ ነው ደስ ሚለው። ጋሊፊ ሲገባ የዘፋኝ አልበም ሆነ፣ ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸለት። ቤዙም ጭምር።

ጥርጣሬ፦
የጣሊያንኛውን አላውቀውም ነበር፣ ዛሬ ማታ እሰማዋለሁ። ሀሳቤን ግን አልቀየርኩም። ዛራቱስትራን የወደደ ሰው ዘፋኙን ራሱን ጠርቶ አሰራው ማለት እኮ፣ መኮረጁን መናዘዝ አይደለም እንዴ ይሄ?

ሰማያዊ_ካሴት፦
ሃሃሃ እናንተ ተከራከሩ። እኔ ጄን ሲሞርን አምስተኛ እየደገምኩት ነው፣ ከዛ ባንክስ፣ ከዛ ጋሊፊ። ቁልፍ ሰባሪ፣ ያቺን ሌስሊ ምትቀየርበትን ቦታ አገኘኋት መሰለኝ፣ ፊሬ ፎርቴሊንገር የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ኦርጋኑ ብቻውን ሲቀር፣ ዜማው ከመውጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ መዞር ሚጀምረው፣ እሷ ናት? ወይስ ያ ሌላ ነገር ነው?

ቁልፍ_ሰባሪ፦
ስትነሳ ላይኛው ቀድሞ ከስር ያለው ዘግይቶ ከተሰማህ እሷ ናት። ሁለቱም እኩል ከተነሱ ሌላ ነገር ነው። በስልክ ስፒከር አትሞክረው፣ የታችኛውን አያወጣውም።